የሸመገለውን አንጎል ማን ይቀልበዋል?

እማማ የልጅ ልጃቸውን ሊጠሩ ይጀምራሉ። መጀመሪያ የሚወጣው የበኩር ልጃቸው ስም ነው፤ ቀጥሎ የወንድማቸው፣ ከዚያ የጎረቤቱ ልጅ። አራተኛው ላይ ትክክለኛው ይመጣል። ስሙን አልረሱትም፤ ይኸው አወጡት። የዘገየው ማውጣቱ ነው። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ወደ ቡናው ይመለሳል።

«እርጅና ነው» የሚለው መልስ ግን ምንም አያስረዳም። እርጅና አንጎል ውስጥ ገብቶ ምኑን ነው የሚነካው? ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ የአንጎል ሕዋሳት በየቀኑ እየሞቱ ያልቃሉ የሚል ነው። ይህ በጤናማ እርጅና ላይ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ከ20 እስከ 90 ዓመት ድረስ ኖረው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ነበር። በዚህ ሁሉ የዕድሜ ርቀት ውስጥ በአንጎል ውጨኛ ክፍል ያሉት የነርቭ ሕዋሳት የቀነሱት በ10 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የ80 ዓመት አዛውንት አብዛኞቹ የነርቭ ሕዋሶቻቸው በቦታቸው ናቸው። የተቸገሩት በስንቅ ነው። ጉልበት እንደ ድሮው አይደርሳቸውም፣ የሚያገለግሏቸው ሕዋሳትም እንደ ድሮው አይደሉም።

ስንቁ ምን ያህል እንደሆነ እንይ። አንጎል ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ከሰውነታችን 2 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን አርፈን ስንቀመጥ ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። በቀን ከ100 ግራም በላይ ግሉኮስም ይበላል። ግሉኮስ ማለት እንጀራውም፣ ቆሎውም፣ ሙዙም ከተፈጨ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባው ቀላል ስኳር ነው።

ይህ ሁሉ ጉልበት ለማሰብ የሚወጣ ይመስለናል። አሜሪካዊው ሉዊስ ሶኮሎፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1955 ሰዎች በቃላቸው ሒሳብ ሲሠሩና አርፈው ሲቀመጡ አንጎላቸው የሚጠቀመውን ኦክስጅን ለክተው ነበር። በጠቅላላው ፍጆታ ላይ ልዩነት አላገኙም። ትልቁ ወጪ ዝግጁ ሆኖ መቆየት ነው። አንድ የነርቭ ሕዋስ መልእክት ባስተላለፈ ቁጥር ሶዲየም ወደ ውስጥ፣ ፖታሲየም ወደ ውጭ ይፈስሳል። ቀጣዩን መልእክት ለማስተላለፍ ሁለቱም ወደየቦታቸው መመለስ አለባቸው፤ ይህን የሚሠራው በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያለ ፓምፕ ነው። ፓምፑን ዴንማርካዊው የንስ ስኮው እ.ኤ.አ. በ1957 ከሸርጣን እግር በተወሰዱ ነርቮች ላይ አገኘው፤ የኖቤል ሽልማቱ ከ40 ዓመት በኋላ በ1997 መጣለት። ተኝተንም ነቅተንም ይህ ፓምፕ አያርፍም። ከአንጎል ጉልበት ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም እሱ ነው።

አስቸጋሪው ነገር አንጎል የረባ ጎተራ የሌለው መሆኑ ነው። ጡንቻና ጉበት ስኳር ያከማቻሉ፤ አንጎል ያለው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ልብ ደም መርጨት ቢያቆም ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ስንቁ በየቅጽበቱ በደም መምጣት አለበት።

ማን ተቀብሎ ያከፋፍለዋል? በሠርግ ቤት ዓይን ሁሉ ሙሽሮቹ ላይ ነው፤ ድግሱን ተሸክመው የሚያድሩት ግን ጓዳ ያሉት ሴቶች ናቸው። በአንጎል ውስጥም እንዲሁ ለብዙ ዘመን የሳይንቲስቱ ዓይን የነርቭ ሕዋሳት ላይ ብቻ ነበር። ረዳቶቹ፣ በጋራ ግሊያ የሚባሉት ሕዋሳት፣ ክፍተት መሙያ ተደርገው ይታዩ ነበር። ቁጥራቸው እንኳን በግምት ይነገር ነበር፤ መማሪያ መጻሕፍት ከነርቭ ሕዋሳት አሥር እጥፍ ይበልጣሉ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የብራዚል ተመራማሪዎች የአራት ወንዶችን አንጎል በሳሙና መሰል ፈሳሽ አሟሙተው፣ በፈሳሹ ውስጥ የቀሩትን የሕዋስ አስኳሎች ቀለም ነክረው ቆጠሩ። ውጤቱ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳትና 85 ቢሊዮን ገደማ ሌሎች ሕዋሳት ሆነ። አንድ ለአንድ ማለት ይቻላል።

ከረዳቶቹ መካከል ስንቁን በዋናነት የያዘው አስትሮሳይት ይባላል። ኮከብ የሚመስል ሕዋስ ነው፤ ብዙ ክንዶች አሉት። አንዳንዶቹ ክንዶቹ ካፒላሪ የሚባሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያቅፋሉ፤ ሌሎቹ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ በሚነጋገሩባቸው መገናኛዎች ዙሪያ ይዘረጋሉ። አንድ የሰው አስትሮሳይት እስከ 2 ሚሊዮን ለሚደርሱ መገናኛዎች ሊዘረጋ ይችላል። አንድ ብርጭቆ ሻይ በስኳር ጠጣን እንበል። ግሉኮሱ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም በአንገት ሥሮች በኩል ወደ አንጎል ይወጣል፤ ካፒላሪው ጋ ሲደርስ ግሉት-1 በሚባል በር ያልፋል። ይህ በር እንደ ጡንቻው በር ኢንሱሊን እስኪያንኳኳ አይጠብቅም። ከወዲያ ማዶ አስትሮሳይቱ ይቀበለዋል፤ ከፊሉን ከፍሎ ላክቴት ያደርገውና ለነርቭ ሕዋሱ ያቀብላል። የነርቭ ሕዋሱ ደግሞ ማይቶኮንድሪያ በሚባል ክፍሉ ውስጥ ያቃጥለዋል። ይህን ሐሳብ ያቀረቡት በስዊዘርላንድ ሎዛን የሚሠሩት ፔለሪንና ማጂስትሬቲ ናቸው፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1994 ነው። የነርቭ ሕዋሱ ግሉኮሱን በቀጥታም ስለሚወስድ የትኛው መንገድ ይበልጣል የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። አስትሮሳይት በመሐሉ መኖሩን ግን የሚጠራጠር የለም።

የአስትሮሳይት ሥራ በዚህ አያበቃም። የነርቭ ሕዋሳት ግሉታሜት በሚባል ኬሚካል ሲነጋገሩ ትርፉ እዚያው ከቀረ ይመርዛቸዋል። አስትሮሳይቱ ይጠርገዋል፣ ወደማይጎዳ ቅርጽ ለውጦ መልሶ ያስረክባቸዋል። ሥራ የበዛበት አካባቢ ሲኖርም የደም ሥሩ እንዲሰፋና ተጨማሪ ደም እንዲመጣ ምልክት በመስጠት ይሳተፋል።

አሁን ዓመታት ይጨመሩ። ከሚደክሙት አንዱ ማይቶኮንድሪያ ነው፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ግሉኮስን በኦክስጅን አቃጥሎ ጉልበት የሚያወጣው ክፍል። ሥራው ራሱ ጎጂ ተረፈ ምርት አለው፤ ይህ ተረፈ ምርት በዓመታት ውስጥ የራሱን የማይቶኮንድሪያውን ዲኤንኤ ይጎዳል። ለማቃጠሉ ሥራ የሚያስፈልገው ኤንኤዲ የተባለ ሞለኪውልም መጠኑ ይቀንሳል። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በማግኔት መሣሪያ የጤነኛ አዛውንቶችንና የወጣቶችን አንጎል አነጻጽረው፣ በአዛውንቶቹ የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የማይቶኮንድሪያ ሥራ 30 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ አገኙት። በአስትሮሳይቶቹ ውስጥ ግን ጨምሮ ነበር! ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ አስትሮሳይቶቹ ሲያረጁ ከማቀበል ይልቅ ለራሳቸው ማቃጠል ያበዛሉ የሚል ነው። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ያረጁ አስትሮሳይቶች ጠባያቸውን ለውጠው ወደ ቁጣ የተጠጋ ሁኔታ ውስጥ እንደሚገቡ ያሳያሉ።

የደም ሥሩ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ሊነገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ከ65 እስከ 91 ዓመት የሆናቸውን 47 ወንዶች ያጠናበትን ሥራ አወጣ። ከነሱ መካከል ፍጹም ጤነኛ የሆኑት አንጎላቸው የሚያገኘው ደምና የሚጠቀመው ኦክስጅን ከወጣቶች እምብዛም አልተለየም። የደም ሥር መደደር ምልክት ያለባቸው ግን፣ ምልክቱ ቀላል እንኳን ቢሆን፣ ቀንሶባቸው ተገኘ። ይህን ውጤት ባነበብኩ ቁጥር ልቤ የሚቀበለው አንድ ነገር አለ፤ በእርጅና ከምናሳብበው ጉዳት ብዙው የደም ሥር በሽታ ነው። የደም ሥር በሽታ ደግሞ መድኃኒት አለው።

የእማማ መዘግየት ሌላም ምክንያት አለው። የነርቭ ሕዋሳት መልእክታቸውን የሚልኩት በረጃጅም ክሮች ነው፤ ክሮቹን ማየሊን የተባለ ቅባታማ ሽፋን ይጠቀልላቸዋል። የሚጠቀልሉት ኦሊጎደንድሮሳይት የሚባሉ ሌሎች ረዳት ሕዋሳት ናቸው። ልዩነቱን ለማየት የሰውነታችንን ነርቮች እንይ፤ ሽፋን የሌለው ቀጭን ክር መልእክቱን በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ሲያስኬድ፣ በወፍራሙ የተሸፈነው በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ሊያደርስ ይችላል። ኦሊጎደንድሮሳይቶችም ለሚጠቀልሉት ክር ላክቴት ያቀብላሉ፤ ክሩ ከዋናው ሕዋስ ርቆ ስለሚሄድ በመንገድ ላይ ስንቅ ይሻል። የተሸፈኑት ክሮች የሚገኙበት የአንጎል ነጭ ክፍል እስከ 40ዎቹ ዕድሜ ድረስ እየወፈረ ሄዶ ከዚያ በኋላ ይሳሳል። በዕድሜ በገፉ ጦጣዎች አንጎል ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የማየሊኑ ንብርብር ተሰነጣጥቆ፣ አንዳንድ ቦታ አብጦ ይገኛል። መልእክቱ ይደርሳል፤ ግን ይዘገያል። የቃላት ሀብትና የሕይወት ዕውቀት በእርጅና ሳይጎድሉ ፍጥነት የሚጎድለው በከፊል በዚህ ነው።

ሦስተኛው ረዳት ማይክሮግሊያ ነው። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ1919 ለይቶ ያወቀው ይህ ሕዋስ የአንጎል ዘበኛና ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ፍርስራሽ ይጠርጋል፣ ጀርም ሲመጣ ይቆጣል። በእርጅና ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል። በእንስሳት ላይ እንደታየው ያረጀ ማይክሮግሊያ በትንሽ ነገር ይነሳል፣ ከተነሳም ቶሎ አይበርድም። ሲቆጣ የሚረጫቸው ኬሚካሎች አጠገቡ ያሉትን የነርቭ ሕዋሳት ሥራ ያውካሉ። የሚያስቆጣው ነገር ደግሞ ከአንጎል ውጭ ሊሆን ይችላል።

ይህ በቤታችን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ትናንት ጎረቤት ሲያጫውቱ የዋሉ እናት ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሞተች እህታቸውን «ለምን አትገባም? ደጅ ቆማለች እኮ» ይላሉ። ሌሊቱን አይተኙም፤ ነጠላቸውን ይጎትታሉ፣ ልብሳቸውን ያወልቃሉ። ወይም ደግሞ በተቃራኒው ዝም ይላሉ፤ ቀን ይተኛሉ፣ የቀረበላቸውን አይበሉም፣ ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ገልጠው መልሰው ይከድናሉ። ይህ ሁለተኛው ጸጥተኛ ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ስለማይረብሽ ነው። ልጆች ተሰብስበው «ጃጁ» ይላሉ። መጃጀት ግን በአንድ ቀን አይመጣም፤ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መቀባዠር በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ወይም የስኳር መውረድ ነው። አዛውንቶች ትኩሳት ሳይታይባቸው ኢንፌክሽን ሊኖርባቸው ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት መቀባዠሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ጠበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ምርመራው ግን በዚያው ቀን ይሁን። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተያዘ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ሰዓትም አይጠበቅም።

ስለ ጾም ሳልናገር ባልፍ ይህ ጽሑፍ የኛ አገር አንባቢ የሚጠይቀውን ጥያቄ ዘልሏል ማለት ነው። አንጎል ግሉኮስ ብቻ ነው የሚበላው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በቦስተን ጆርጅ ካሂልና ባልደረቦቹ በሕክምና ክትትል ሥር ለሳምንታት ምግብ የተዉ ሦስት ሰዎችን መርምረው፣ አንጎላቸው ከሚያቃጥለው ከግማሽ በላዩ ኪቶን መሆኑን አሳዩ። ኪቶን ጉበት ከስብ የሚሠራው ነዳጅ ነው። ትልቁ ቁም ነገር ደግሞ በኋላ መጣ፤ በካናዳ ሸርብሩክ የተደረጉ ጥናቶች ያረጀ አንጎል ግሉኮስ መውሰዱ ቢቀንስም ኪቶን ሲያገኝ ግን እንደ ወጣቱ እንደሚወስድ አሳዩ። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው፤ በጥናት ላይም ነው።

እንግዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም አንጎልን ያድሳል ማለት ነው? ይህን ማለት አይቻልም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንጎልን በአብዛኛው የሚቀልበው ጉበት ያከማቸው ስኳር ነው፤ ኪቶኑ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። ጾም የሚጾመው ለሌላ ትልቅ ምክንያት ነው፤ የሕክምና ማስረጃም አያሻውም። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኛ አዛውንት ግን ሐኪም ሳያማክሩ ቢጾሙ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፤ ማላብ፣ መንቀጥቀጥና መቀባዠር ይከተላል፤ አንጎል ጎተራ የለውም ብለናል። የንስሐ አባትም ለታመመ ሰው የሚሉት የታወቀ ነው። የቫይታሚን ቢ12 ነገርም አለ። ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ስለሚገኝ ረጅም ጾም የሚጾሙ አዛውንቶች ሊያንሳቸው ይችላል፤ ያረጀ ጨጓራም በደንብ አይወስደውም፤ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒትም ይቀንሰዋል። እጥረቱ ማስታወስን ይጎዳል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ይታከማል።

ረዳቶቹን የሚያግዝ ምን አለ? እንቅልፍ እንደሚያግዝ ብዙ ምልክት አለ፤ በእንቅልፍ ጊዜ አንጎል ቆሻሻውን እንዴት እንደሚያጥብ ግን በአይጦች ላይ የተገኘው ውጤት አሁንም ያከራክራል። ስለ እግር ጉዞ የተሻለ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በወጣ ጥናት 120 አዛውንቶች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን እስከ 40 ደቂቃ ፈጠን ብለው ተራመዱ፤ ግማሾቹ ሰውነታቸውን ብቻ አፍታቱ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሂፖካምፐስ የተባለው የትውስታ ክፍል በተራማጆቹ 2 በመቶ ገደማ ሲጨምር በሌሎቹ 1.4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ ይህን ያህል አላገኙም፤ ሆኖም መራመድ ልብንና የደም ሥርን እንደሚጠቅም የሚያከራክር የለም፤ የአንጎል ስንቅ የሚመጣው ደግሞ በዚያው መንገድ ነው።

ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ የደም ግፊት ላይ ነው። ስፕሪንት በሚባለው የአሜሪካ ጥናት ከ9,000 በላይ ግፊት ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ተሳትፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት፣ ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ ለመርሳት በሽታ መንደርደሪያ ሊሆን በሚችለው መጠነኛ የማስታወስ መቀነስ የተያዙት በ19 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ግፊት አያምም፤ ስለዚህ ብዙዎች የዳኑ ሲመስላቸው ክኒኑን ያቆሙታል። እነዚያን ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚያደድራቸው ግን ያ የማያመው ግፊት ነው። ምን ያህል ዝቅ ይበል የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ አንዳንድ አዛውንት ሲነሱ ያዞራቸዋልና።

በሜሪላንድም በቴል አቪቭም በዱባይም ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ የቫይታሚን ብልቃጥና «አእምሮ ያድሳል» የሚል ክኒን የምትልኩ ወንድሞችና እህቶች፣ ኤንኤዲን ይጨምራሉ ተብለው የሚሸጡት እንክብሎች የሰውን ትውስታ ስለማሻሻላቸው ማረጋገጫ የለም። በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ የክንድ ደም ግፊት መለኪያ ላኩ። አገር ቤት ያለው ልጅ ጠዋት ጠዋት እየለካ ቁጥሩን በደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩንም ለሐኪሙ ያሳይ።